ተጨማሪ መረጃ፦ ከመጽሐፉ የወጡት ገጾች

ስለ ግለ ታሪክ በዚህ ምዕራፍ ተምራችኋል። ግለ ታሪክንና ሌሎች ኢ-ልቦለድ ጽሑፎችን በእንስታዊ ሂስ ዓይን ማንበብም ይቻላል። እንስታዊ ሂስ ሴቶች በጽሑፉ እንዴት እንደተገለጹ፣ ማን እንደተናገረና ማን ዝም እንዲል እንደተደረገ እየጠየቁ የማንበብ ስልት ነው።

የካናዳዊቷ ማሪያ ካምቤል ግለ ታሪክ «ሀፍብሪድ» ለዚህ ጠንካራ ማሳያ ነው። ካምቤል የሜቲስ ተወላጅ ናት። ሜቲስ የዘር ሐረጋቸው ከካናዳ ነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የሚመዘዝ፣ የራሳቸው ማንነት ያላቸው ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው መጽሐፏ በሳስካችዋን ያሳለፈችውን ልጅነት፣ ድህነቱንና መገለሉን፣ ብርታት የሆነቻትን ቅድመ አያቷን ቺቹምን ትተርካለች። ገና ታዳጊ ሳለች አንድ የፌዴራል ፖሊስ አባል የፈጸመባትን ጾታዊ ጥቃትም ጽፋ ነበር። አሳታሚው ግን ፖሊስ መጽሐፉን ያሳግዳል ብሎ ስለሰጋ፣ ያንን ክፍል ያለ ፈቃዷ አወጣው። መጽሐፉ ከ40 ዓመታት በላይ ጎዶሎውን ተነበበ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ተመራማሪዎች ገጾቹ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት መገኘታቸውን አሳወቁ፤ በ2019 በወጣው እትም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የተቆረጠው ሕግ አስከባሪውን የሚከሰው የሴቲቱ ምስክርነት መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ተራ የአርትዖት ሥራ አይደለም፤ በደል ነው።

ከቤተ መጻሕፍታችሁ አንዲት ሴት የጻፈችውን ግለ ታሪክ ተዋሱ። አንድ ምዕራፍ አንብቡና ደራሲዋ በስፋት የተረከችውን፣ በአጭሩ ያለፈችውንና ጨርሶ ያልነካችውን ጉዳይ በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችልም ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።