የዓባይ ቆሮሶና የቀይ ባሕር በቀቀን ዓሣ፦ ሳይንስ ያፈረሰው ዝምድና

ከጣና የሚነሣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ በምትገኘው ኦምዱርማን፣ አል-ሞረዳ የተባለው የዓሣ ገበያ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። በዚያ ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከል ሱዳናውያን ቡልቲ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ይገኝበታል።

ይህ የወንዝ ዓሣ በአንድ ወቅት በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል የሚኖረው የበቀቀን ዓሣ የቅርብ ዘመድ ተደርጎ ተመድቦ ነበር። ምክንያቱ ጉሮሮ ነው። ሁለቱም ከአፋቸው መንጋጋ ሌላ በጉሯቸው ውስጥ ምግብ የሚፈጭ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ተመልክተው በአንድ ምድብ አኖሯቸው። በኋላ የዘረመል ጥናት ሲመጣ ግን ዝምድናው ፈረሰ፤ መንጋጋው በየፊናው የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ።

የበቀቀን ዓሦችን የሳይንስ መዝገብ ውስጥ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል ነው። በ1763 የመን ውስጥ ቢሞትም፣ የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር ሥራውን በ1775 አሳተመለት። ፎርስኮል የዓሣ አጥማጆቹን ዓረብኛ አልናቀም፤ ‘ሃሪድ’ እና ‘ጎባን’ የሚሉት ስሞች ዛሬም ዓለም አቀፍ የሳይንስ ስሞች ናቸው።

ወደ 100 የሚጠጉት የበቀቀን ዓሣ ዝርያዎች ለብዙ ጊዜ ስካሪዴ የተባለ የራሳቸው ቤተሰብ ነበራቸው። በ2005 የወጣ ጥናት ግን ላብሪዴ ከተባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ የበቀሉ ቅርንጫፍ መሆናቸውን አሳየ። የቀድሞውን ስም የሙጥኝ ያሉ ሊቃውንት አሁንም አሉ።

ምደባውን ይበልጥ ያወሳሰበው ቀለማቸው ነው። ብዙዎቹ ሴት ሆነው ይጀምሩና ሲያድጉ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ፤ ቀለማቸውም አብሮ ይለወጣል። በዚህ ሳቢያ የአንድ ዝርያ ሴትና ወንድ ሁለት ዝርያ እየተባሉ ተመዝግበዋል። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም፦ የትኛው ዝርያ እየተመናመነ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ በትክክል መቁጠር ያስፈልጋል።

በቀቀን ዓሣ ኮራሉን የሚሸፍነውን አልጌ ይግጣል፤ የፈጨውንም ድንጋይ አሸዋ አድርጎ ያወጣል። በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የሱዳን ሳንጋኔብና ዱንጎናብ ይህን ግጦሽ ይሻሉ። ዓሣው ግን ሌሊት በኮራሉ ሥር ስለሚተኛ በመብራት ለሚያድነው ሰው በቀላሉ ይጋለጣል፤ በቅድሚያ የሚታደኑት ትልልቆቹ ደግሞ በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው።