ፓምፑ ውሃ አልስብ ሲል

የእህሉ ክምር እሳት ይዞት ሳለ ሞተሩ እየጮኸ ፓምፑ ውሃ አልስብ ቢል፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የገባ አየር ነው። ያለ ውሃ ሲዞር ስለሚበላሽ ወዲያው አጥፉትና እንደሚከተለው መርምሩት።

1ኛ፤ የፓምፑን ሆድ እስከ አፉ ድረስ በውሃ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ።

2ኛ፤ የሞላችሁት ውሃ ቶሎ ቢጎድል፣ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለውን ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ይሆናልና አጽዱት።

3ኛ፤ የቱቦው መጋጠሚያ ከላላ አጥብቁ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ለውጡ።

4ኛ፤ ወንፊቱ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይቀመጥ፤ ጭቃ ግን አይንካ።

5ኛ፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፤ በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፑ ከውሃው ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አይበል።

እሳት ቀጠሮ አይሰጥምና፣ አጨዳ ሳይጀመር ፓምፑን ሞክሩት።