የጨጓራ በር ሲጠብ፦ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚደረግ የካሜራ ቀዶ ሕክምና

ደህና ተወልዶ ደህና ሲጠባ የነበረ ሕፃን ሦስተኛው ሳምንት ግድም ማስመለስ ይጀምራል። መጀመሪያ ተራ ማቅረሸት ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ግን የጠባው ወተት ከአፉ በኃይል እየተፈናጠረ ይወጣል። አስመልሶ እንደጨረሰ ደግሞ መልሶ ጡት ይፈልጋል። ሐኪሞች እዚህ ላይ የሚጠረጥሩት የጨጓራ መውጫ መጥበብን ነው፤ ጨጓራን ከትንሹ አንጀት የሚያገናኘውን በር የከበበው ጡንቻ ወፍሮ ምግብ አላሳልፍ ይላል። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ግን ችግሩ ከዚህ በር በታች ነው፤ ይበልጥ ያጣድፋል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ1,000 ሕፃናት ከ2 እስከ 4 የሚሆኑትን ይይዛል፤ በአፍሪካና በእስያ ያንሳል። ወንዶች ላይ አራት እጥፍ ግድም ይበዛል። መነሻው ተጣርቶ ባይታወቅም በዘር እንደሚመጣና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚሰጥ ኤሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አደጋውን እንደሚጨምር ታውቋል።

የኮፐንሃገኑ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1888 በሽታውን አጥርቶ ሲገልጸው የሚድኑት ጥቂቶች ነበሩ። መፍትሔው በ1911 ጀርመን ውስጥ ተገኘ። ኮንራድ ራምሽቴት የወፈረውን ጡንቻ በቁመቱ ሰንጥቆ ሊሰፋው ሲሞክር ክሩ ሥጋውን እየቀደደ አስቸገረው። በቀጣዩ ሕፃን ላይ ስንጥቁን ሳይሰፋ ተወው፤ ልጁም ዳነ። የውስጡ ስስ ሽፋን ሳይነካ ጡንቻው ብቻ ከተከፈተ በሩ ይላላል። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የተለወጠው መግቢያው ነው። የማንቸስተር ሐኪሞች በ1986 በእምብርት ዙሪያ በሚደረግ ቅድ ጠባሳውን ደበቁት። በ1991 ደግሞ ፈረንሳዮች በካሜራ የሠሩትን አሳተሙ። በእምብርት በኩል ጥቂት ሚሊሜትር የምትሰፋ ካሜራ ትገባለች፤ ሆድ በጋዝ በቀስታ ይነፋል፤ በሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች መያዣና መሰንጠቂያ ይገባሉ። በስድስት ማዕከላት 180 ሕፃናትን ያካተተና በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በካሜራ የታከሙት በ18.5 ሰዓት፣ በተለመደው ቅድ የታከሙት በ23.9 ሰዓት ሙሉ ምግብ እንደጀመሩ አሳይቷል። ልዩነቱ የሰዓታት ነው። ልምድ ባነሰው እጅ ደግሞ ካሜራው ስንጥቁን ሳይጨርስ የመተው ወይም ሽፋኑን የመብሳት አደጋ አለው።

ስለዚህ የሕፃኑን ሕይወት የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት አይደለም እላለሁ። ሲያስመልስ የሚወጣው የጨጓራ አሲድ ነው፤ ክሎራይድና ፖታሲየም ይጎድላሉ፣ ደሙ አልካሊ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሰመመን የተሰጠው ጨቅላ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ፈሳሹና ማዕድኑ በደም ሥር ካልተስተካከለ በቀር አንድም ጥሩ ሐኪም ቢላ አያነሳም፤ ይህም አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ሕመሙ ያጣድፋል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ይጠብቃል።

በሽታውን ለመለየት አልትራሳውንድ ይበቃል፤ የጡንቻው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ከደረሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በእኛ አገር የሚያስመልስ ሕፃን ሲታይ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ ዛሬም አልቀረም። እንጥል መቁረጥ የጠበበውን በር አይከፍትም፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ቀን ያባክናል። ሦስት ሳምንት የሞላው ልጃችሁ የጠባውን ሁሉ በኃይል እየተፋ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ዛሬውኑ ሕፃናት ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ውሰዱት።