ከዋልካው ሜዳ ወደ ንድፍ ክፍል

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ተነስቶ በቁረይሻ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚዘልቀው ሜዳ ከሩቅ ለሚያየው ማሽላና ሰሊጥ ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ግራር ይታያል። እግር የሚረግጠው ግን ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማ ይውጣል፣ ጫማ ያስወልቃል።

እንዲህ ያለ መሬት የላንድስኬፕ አርክቴክቸር ጉዳይ ነው። ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሆቴል ግቢ አበባና የተከረከመ ሣር ነው። ሙያው ግን ከዚያ በፊት ውሃው በየት ይውረድ፣ ሰው በየት ይራመድ፣ የትኛው ዛፍ ይቁም የሚለውን ይጠይቃል። ንድፍ አውጪዎቹ ኦልምስቴድና ቮክስ በ1858 በኒውዮርክ የሴንትራል ፓርክን ንድፍ ውድድር ሲያሸንፉ የተረከቡት ቦታ ረግረግና ዐለት የሞላበት ነበር። ዛሬ ጎብኚ ከሚያደንቀው ሣር ሥር ውሃውን የሚያስወጣ የተቀበረ ቱቦ አለ። ሃርቫርድም በ1900 ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ መስጠት ጀመረ።

ውሃው በየት ይውረድ የሚለው ጥያቄ በገዳሪፍ ሜዳ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ የተጠለሉበት የኡም ራኩባ ጣቢያ በኅዳር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ዳግም ተከፍቷል። (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስፊር የተባለው የሰብአዊ ዕርዳታ መለኪያ በጣቢያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 45 ካሬ ሜትር እንዲታሰብ ይላል፤ መንገዱም የጓሮ አትክልቱም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ውሃ እንዳይተኛ ደግሞ መሬቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ቢያዘቀዝቅ ይመረጣል። በዋልካ ሜዳ ላይ ያን ዝቅዝቃት ማግኘት ቀላል አይደለም። ቦዩ በየት ይቆፈር? መጸዳጃው ከውሃ መቅጃው ምን ያህል ይራቅ? ለማገዶ ከሚቆረጠው ግራር የትኛው ይትረፍ? የአበባ ጉዳይ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ሙያ ለመማር ውጭ አገር መሄድ የአገርን መሬት መርሳት አለመሆኑን ዓለማየሁ ዋሴ አሳይቷል። እርሱ የደን ሥነ ምኅዳር ባለሙያ ነው፤ ሙያው የላንድስኬፕ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 ዶክትሬቱን ሲያገኝ ያጠናው የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነበር። ከብት የገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ ታየ። በኋላም በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ምእመናኑ የድንጋይ አጥር ሠሩ። ጥናት ከመደርደሪያ ወርዶ ካብ ሲሆን ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

ለስደተኛ ተማሪ መንገዱ ይጠብባል። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ስደተኞችን በተጠለሉበት አገር ያስተምራል። ነገር ግን በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ተማሪው ዳግም ስደተኛ ሆነ።

ከትምህርት ማስረጃው ሌላ ብዙ የንድፍ ትምህርት ቤቶች ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የአመልካቹን ሥራዎች ስብስብ ይጠይቃሉ። ያማረ የኮምፒውተር ሥዕል ማንም ይልካል። ማመልከቻ ለመላክ የተዘጋጀ አንባቢ ግን የሰፈሩን መሬት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና በክረምት፣ በእጁ ይሳል፤ ውሃው የሚተኛበትን፣ ከብቱ የሚያልፍበትን፣ ሰው ጥላ ፍለጋ የሚሰበሰብበትን ያመልክት፤ ያን ወረቀት ፖርትፎሊዮው ፊት ላይ ያድርገው።