ከበዓሉ ማዕድ በፊት፦ ቤተሰብ በደብረ ማርቆስ አደባባዮች

ዐቢይ ጾም ተፈትቶ፣ ዘመድ አዝማድ «እንኳን አደረሳችሁ» ከተባባለ በኋላ፣ በየቤቱ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ «ልጆቹን ወዴት ይዘን እንውጣ?» በደብረ ማርቆስ ከተማ መልሱ ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ነው። ከዘመድ ጋር ወጥቶ መብላት መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከማዕዱ አስቀድሞ ልጆች ሊያዩትና ሊሰሙት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

ጉዞው ከወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቢጀመር ይመረጣል። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯት ይህች ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሧቸው። ከተማዋም ንጉሡ ባሳነጹት ቤተ ክርስቲያን ደብረ ማርቆስ ተብላ ተጠራች። የወንጌላዊው ዓመታዊ በዓል የሚከበረው ሚያዝያ 30 ቀን ነው። በዓሉን ለማክበር ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ ልጆች፣ የሚኖሩባት ከተማ ስሟን ከዚህ ደብር ማግኘቷን ያውቁ ይሆን?

ከዚያ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ሥፍራ መሻገር ነው። እዚያ ሲደረስ ስለ አርበኞች ማንሣት ተገቢ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ያለፉት በደብረ ማርቆስ ነው። ያን መንገድ ከጠረጉት መካከል የጎጃም አርበኞች ይገኙበታል።

ሦስተኛው ወግ የደራሲው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ከከተማዋ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ሲሆን፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቀስመዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ያደመጡ እናቶችና አባቶች፣ ለልጆቻቸው የሚነግሩት አያጡም።

ታሪኩን ማን ይንገራቸው ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱ አረጋዊ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት አልፏል። በየዓመቱ ከበዓሉ ማዕድ አንድ አንድ ወንበር ይጎድላል፤ ያልተጠየቀው ወግም ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ስለዚህ አያትን ከቤት ትቶ ከመውጣት፣ ጋቢያቸውን አልብሶ፣ ምርኩዛቸውን አስይዞ፣ በእርሳቸው እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። መቆም በፈለጉበት መቆም፣ ማውጋት ሲጀምሩም አለማቋረጥ ነው።

ምግብ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ወጡ ቀርቦ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ልጆቹ በመንገድ ስላዩት ነገር አያታቸውን መልሰው ሲጠይቁ፣ የዕለቱ ሽርሽር ግቡን መታ ማለት ነው።

መልካም በዓል!