«ዌል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ፍቺውና አመጣጡ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በመጋና በሞያሌ ለሚገኙ ብዙ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ከኦሮምኛ ወይም ከሶማልኛ፣ እንዲሁም ከአማርኛ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ስለሆነም አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ያለው መስሎ ከቀረበላቸው ጉዳቱ በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ሳይወሰን ወደ ሳይንስና ጤና ትምህርትም ይዘልቃል። ለዚህ «ዌል» የሚለው ቃል ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

በአጻጻፍም ሆነ በአነባበብ አንድ ቢመስልም፣ «ዌል» በአመጣጡ ሁለት የተለያየ ቃል ነው። የመጀመሪያው ስም ሲሆን የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ምንጭን ያመለክት ነበር፤ መፍላትና መንተክተክ ከሚል ግሥ ጋርም ይዛመዳል። እኛም «ፈላ» ከሚለው ግሥ «ፍል ውሃ» እንላለን። የነዳጅ ጉድጓድም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ እንባ በዓይን ሲሞላም ግሡ ይኸው ነው።

ለቦረና ተማሪ ይህ ፍቺ እንግዳ አይደለም። በኦሮምኛ «ኤላ» የሚባለው ጉድጓድ የኑሮው መሠረት ነው፤ ሶማልኛም ተቀራራቢ ቃል አለው። ኤል ሶድን የመሰሉ የቦታ ስሞች የሚጀምሩት በዚሁ ቃል ነው። በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ያሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ውሃቸው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመደዳ ቆመው እየዘፈኑ በመቀባበል ነው። ተራውን የሚያስከብረውም «አባ ሄሬጋ» ይባላል። መምህሩ ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ተማሪው ቃሉን በቀላሉ ይይዘዋል።

ሁለተኛው «ዌል» መውደድንና መፈለግን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ነው፤ መነሻ ሐሳቡም «እንደሚፈለገው» የሚል ነው። ከዚህም «በሚገባ»፣ «በደንብ» እና «ጤነኛ» የሚሉት ፍቺዎች ወጥተዋል። በንግግር መጀመሪያ ላይ ሲገባ ደግሞ «እንግዲህ» ወይም «መቼም» እንደምንለው ያለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በግእዝ «ዐይን» የሚለው ቃል የማያ አካልንም የውሃ ምንጭንም ያመለክታል፤ ይህ የአንድ ቃል ፍቺ መስፋፋት ነው። «ዌል» ግን በአመጣጥ የተለያዩ ሁለት ቃላት በመልክ መገናኘት ነው። ስለዚህ ተማሪው «በደንብ» ከሚለው ተነሥቶ «ጉድጓድ» ወደሚለው ሊደርስ አይችልም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ቦይል ዌል ዎተር» ማለት «የጉድጓድ ውሃ አፍላ» ሲሆን፣ «ቦይል ዘ ዎተር ዌል» ማለት ደግሞ «ውሃውን በደንብ አፍላ» ነው። የቃሉን ሁለተኛ ፍቺ ብቻ የተማረ ልጅ የመጀመሪያውን ትእዛዝ «ደህና ውሃ አፍላ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ምክሩ የተሰጠው ስለ ጉድጓድ ውሃ መሆኑንም ይስተዋል። በዚህም ጤናውን ሊጠብቅ የተጻፈው ምክር ከንቱ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ መምህራን ቃላትን በዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢያስተምሩ ይመረጣል። ተማሪው ቃሉ የት እንደቆመ፣ ስም ወይም ተውሳከ ግሥ መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር፤ ከዚያም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይተርጉም። ፍቺውን የሚወስነው ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር ነውና።