መርከብ ሲታደስ የእንጨት ወልዋዩ ሥራ

መንገደኞችን ለሽርሽር ይዘው ባሕር የሚያቋርጡ ታላላቅ መርከቦች በሆዳቸው ሆቴል፣ ቲያትር ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና መጠጥ ቤት ተሸክመው ይጓዛሉ። ስለ እነዚህ መርከቦች በሚነገርበት ጊዜ የአዛዦቹና የመሐንዲሶቹ ሥራ ደጋግሞ ይወሳል፤ ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ የብርጭቆን ነጭ ቀለበት ስለሚያጠፋው ሰው ግን የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። ይህ ሰው የእንጨት ወልዋይ ይባላል። በዚህ ምንባብ ሥራው ምን እንደሆነና መርከብ በሚታደስበት ወቅት ለምን አስቸጋሪ፣ አንዳንድ ጊዜም አደገኛ እንደሚሆን እንመለከታለን።

«መወልወል» ሲባል ብዙዎቻችሁ ጨርቅ ይዞ አቧራ ማንሣት ይመስላችሁ ይሆናል። በእንጨት ሥራ ግን ቃሉ ከዚህ የጠለቀ ትርጉም አለው። ይኸውም በእንጨቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነና ብርሃን የሚያሳልፍ ልባስ ደጋግሞ በመደራረብ የእንጨቱ ጅማት ከውስጥ ጐልቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የተመረጠው ነገር ሸላክ ይባላል፤ አናጢዎቻችን ከጣልያንኛ በተወሰደው ስሙ ጎማላካ ይሉታል። ሸላክ የዛፍ ሙጫ ቢመስልም ከዛፍ አይወጣም። በሕንድና በታይላንድ ላክ የተባለች እጅግ ትንሽ ነፍሳት በቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች ስትኖር፣ ገላዋን የሚሸፍን ሙጫ መሰል ነገር ታመነጫለች። ሰዎች ያንን ከቅርንጫፉ ፍቀው ያጥቡታል፤ በሙቀት አቅልጠው ያጠሩታል፤ ስስ አድርገው ከዘረጉት በኋላም ሲደርቅ ይሰባብሩታል። ወልዋዩ የሚገዛው ይህን የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ስብርባሪ ነው። ስብርባሪው በአልኮል ሲዘፈዘፍ ይሟሟና የማር መልክ ያለው ፈሳሽ ይሆናል።

ሸላክ ለእናንተም ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንዳንድ ከረሜላና የመድኃኒት ክኒን ልባስ ይሠራበታል። ፕላስቲክ ቦታውን ከመውሰዱ በፊት «ሸክላ» እያልን የምንጠራው የዘፈን ሳሕንም የሚሠራው ሸላክ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው የአማርኛ ዘፈኖች ለትውልድ የተላለፉት በዚህች ነፍሳት ሙጫ አማካይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ወልዋዩ ሸላኩን በብሩሽ አይቀባም። ጥጥ አድቦልቡሎ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠቀልልና ከመዳፉ ጋር የሚገጥም ቋጠሮ ያበጃል። ፈሳሹን የሚያፈሰው በጨርቁ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ባለው ጥጥ ላይ ነው፤ ቋጠሮውን ሲጫነው ፈሳሹ በልክ በልክ ያዝባል። በመጀመሪያ የእንጨቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጨ ዱቄት ይደፍናል። ከዚያም ቋጠሮውን በክብ፣ ቀጥሎም የ8 ቁጥርን ቅርጽ በሚመስል መንገድ፣ በመጨረሻም የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ቀጥ አድርጎ ይስበዋል። እጁ ግን በምንም ምክንያት በገጹ ላይ መቆም የለበትም። ምክንያቱን ከኬሚስትሪ ትምህርታችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፦ በቋጠሮው ውስጥ ያለው አልኮል ከሥር የደረቀውን ሸላክ እንደገና ያሟሟዋል። ቋጠሮው ለአፍታ ቢቆም ይጣበቅና የብዙ ሰዓት ድካም ያለበትን ልባስ ቦጭቆ ይነሣል። ስለዚህ ወልዋዩ ቋጠሮውን ከዳር እያንሸራተተ ያሳርፈዋል፤ እያንሸራተተም ያነሣዋል። እንዳይዝበትም ጥቂት የዘይት ጠብታ ይጨምርበታል፤ ሥራው ወደ ፍጻሜ ሲቃረብ ይህን ዘይት አልኮል ጥቂት በነካው ሌላ ቋጠሮ ጠርጎ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየመካከሉ ልባሱ እንዲጠና ጊዜ ይሰጠዋል።

አዲሱ ሸላክ አሮጌውን ማሟሟቱ ጉዳት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ገጽ ስለሚሆኑ፣ የተጫረ ጠረጴዛ ሲጠገን ጥገናው የት እንደ ጀመረና የት ላይ እንዳበቃ አይለይም። የሸላክ ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ጠባይ ይመነጫል። አልኮል ያሟሟዋል፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ ውሃ ሲቈይበት ነጭ ምልክት ይተውበታል። እስቲ አስቡት፦ የመርከብ መጠጥ ቤት ባንኮኒ በየዕለቱ የሚፈስበት መጠጥ፣ የሚቀመጥበት ትኩስ ስኒና ላብ ያወረዛው የበረዶ ብርጭቆ ነው። ለዚህም ሲባል በዘመናችን እንዲህ ያሉ ቦታዎች በአብዛኛው ከሸላክ ይልቅ ፖሊዩሪቴንን በመሰለ ጠንካራ ልባስ ይሸፈናሉ። ወልዋዩ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፊቱ ልባስ ምን እንደሆነ ነው። ከጠረጴዛው ሥር፣ ዐይን ከማያየው ቦታ ላይ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ያሻል፤ ገጹ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሸላክ ነው። ካልለሰለሰ በሌላ ማሟሟያ ይሞክራል፤ ለዚያም ካልተበገረ ጠንካራው ልባስ መሆኑን ይረዳል። ይህን ሳይለይ ሥራ የጀመረ ወልዋይ የማይዋደዱ ሁለት ነገሮችን ደራርቦ፣ ልባሱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲላጥ ያገኘዋል።

አሁን ይህን ሰው ጸጥ ካለው ሥራ ቤቱ አውጥተን ወደ መርከቡ እንውሰደው። በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የመንገደኞች መርከብ የታችኛው አካሉ በየአምስት ዓመቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከውሃ ወጥቶ መመርመር አለበት። መርከቡ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ መዝጊያው ይዘጋል፤ ውሃው በመሳቢያ ተመጥጦ ሲወጣ መርከቡ በድጋፎች ላይ ቁጭ ይላል። (ይህ ገንዳ እንደ ሞጆው ካለ፣ ዕቃ ከሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ጋር ሊምታታባችሁ አይገባም።) የመርከቡ ባለቤቶች የክፍሎቹንም እድሳት በዚሁ አጋጣሚ ያሠራሉ። በገንዳ ውስጥ የቆመ መርከብ ገቢ ስለማያስገባ ጊዜው እጅግ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት አይበልጥም። ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በጀርመን አገር በብሬመርሃፈን ስድስት ወር ገደማ የቆየችው የእንፋሎት ሞተሯ ወጥቶ በዲዝል ስለተተካ ነው። ኩዊን ሜሪ 2 ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በሐምቡርግ ብዙ ክፍሎቿ ሲለወጡ አንድ ወር እንኳ አልሞላትም።

በእነዚያ ጥቂት ቀናት ብየዳ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ምንጣፍ አንጣፊው፣ አናጢውና ቀለም ቀቢው በአንድ መተላለፊያ ይጋፋሉ። ወልዋዩ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። አናጢው በሁለት ቀን ቢዘገይ ከወልዋዩ ላይ ሁለት ቀን ይቀነሳል እንጂ መርከቡ የሚነሣበት ቀን አይለወጥም፤ መንገደኞቹ ትኬታቸውን ገዝተዋልና። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ፍትሕ የጐደለው ይህ ነው፤ ሌላው ያጠፋውን ጊዜ የሚከፍለው የመጨረሻው ሰው ነው።

ችኰላው ብቻ አይደለም። እድሳት ላይ ያለ መርከብ ብዙ ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው ይቋረጣል፤ ክፍሎቹ ይርሳሉ፤ አቧራ ይበዛባቸዋል። አቧራው በርጥቡ ልባስ ላይ ሲያርፍ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል። ርጥበቱ ደግሞ የባሰ ነው። አልኮል በሚተንበት ጊዜ ከገጹ ላይ ሙቀት ወስዶ ያቀዘቅዘዋል፤ በዚህም የተነሣ በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በገጹ ላይ ጤዛ ሆኖ ከልባሱ ጋር ይቀላቀላል፤ እንጨቱም ጭጋግ የወረደበት ይመስል ነጭ ይለብሳል። ልምድ ያለው ወልዋይ በእንዲህ ያለ ቀን ክፍሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ካልሆነም አልኮል ጥቂት በነካው ቋጠሮ ገጹን ዳሰስ አድርጎ ርጥበቱ እንዲወጣ መንገድ ይከፍትለታል። የብርጭቆ ቀለበት የሚጠፋውም በዚሁ ዘዴ ነው።

የቀለም ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በመስኮት አጠገብ የቆየ የዋልነት እንጨት በብርሃን ይደበዝዛል፤ ማሆጋኒ ግን በተቃራኒው ይጠቁራል። አንድ የተሰበረ ገበታ በአዲስ ሲተካ አዲሱ ከጎረቤቱ ጋር አይመሳሰልም። ወልዋዩ በአልኮል የሟሟ ማቅለሚያ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ አዲሱን ያስረጀዋል፤ በፀሐይ ብርሃን የተመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በመብራት ሊለያዩ ስለሚችሉም ውጤቱን ክፍሉ በሚበራበት መብራት ያረጋግጣል። በብርጭቆ ወረቀት አጥብቆ መፋቅም አይችልም። በመርከብ ላይ እንጨት መስሎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ በማይነድ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ልባጥ ነው። ጥቂት ያለፈ ፍቀት ከሥር ያለውን ሰሌዳ ያሳያል፤ ያ ከሆነ መመለሻ የለውም።

እንጨቱ ለምን ይህን ያህል ቀጠነ? መልሱ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1934 ሞሮ ካስል የተባለች መርከብ ከሃቫና ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ሌሊት እሳት ተነሣባት። በግድግዳዎቿ ላይ የተለጠፈው፣ ተወልውሎ የሚያንጸባርቀው እንጨት እሳቱን ከክፍል ወደ ክፍል አሸጋገረው፤ 137 ሰዎችም ሞቱ። አሜሪካዊው የመርከብ መሐንዲስ ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ እሳትን እጅግ ይፈራ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ በጀመረችው ዩናይትድ ስቴትስ በተባለችው መርከቡ ላይ ከሥጋ መክተፊያውና ከፒያኖዎቹ በቀር እንጨት እንዳይገባ አደረገ። ከእርሷ 16 ዓመት ቀድማ የተጓዘችው ኩዊን ሜሪ ከ50 በሚበልጡ የእንጨት ዐይነቶች ያጌጠች መሆኗን ስታስቡ ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል። ዛሬ የሚሠራበት የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት በእ.ኤ.አ. 1974 የጸደቀና በየጊዜው የተሻሻለ ሲሆን፣ የግድግዳ ልባጥ ሲነድ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ኀይል ከ45 ሜጋ ጁል እንዳይበልጥ ይወስናል። ቀለምና ልባስም ብዙ ጢስና መርዝ የሚያወጡ እንዳይሆኑ ያዛል። ስለዚህ ወልዋዩ የሚጠቀምበትን ሁሉ እንደ ልቡ አይመርጥም።

ይሁን እንጂ ትልቁ አደጋ የሚመጣው መርከቡ ሲጓዝ ሳይሆን ሲታደስ ነው ማለት ይቻላል። ኖርማንዲ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ እ.ኤ.አ. የካቲት 1942 በኒው ዮርክ ወደብ የወታደር ማመላለሻ ለመሆን በምትለወጥበት ጊዜ፣ ከብረት መቍረጫ የተፈናጠረ ፍንጣሪ በተከመሩ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ላይ ወደቀ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ በላይኛው ክፍሏ ስለተጠራቀመ ሚዛኗን ስታ በጎኗ ተጋደመች። አሁን የወልዋዩን ዕቃ ተመልከቱ። የንጹሕ አልኮል ተን እሳት ከቀረበው በ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እንኳ ይቀጣጠላል፤ ይህም ከተራ የክፍል ሙቀት በታች ነው። ወልዋዩ ከሚሠራበት ፎቅ በላይ ብየዳ ካለ አንዱ ማቆም አለበት፤ ለዚህም የብየዳ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል፤ እሳት ጠባቂም ይቆማል።

ከአልኮሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ወደ ጥግ ቢጣል ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ በዚህም ሙቀት ያመነጫል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል፤ ተጨማድዶ ከሆነ ግን በውስጡ ይታመቃል፤ ከሰዓታት በኋላም ሠራተኛው ተኝቶ ሳለ ጨርቁ ይጤሳል። ስለሆነም ወልዋዩ ማታ ሥራ ሲያቆም ጨርቆቹን ቈጥሮ ውሃ ባለበትና ክዳኑ በሚገጥም የብረት ዕቃ ውስጥ ያኖራቸዋል።

ዛሬ የእድሳቱ ብዙ ሥራ በየብስ ላይ ባሉ ሥራ ቤቶች በመርጫ ተቀብቶ፣ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ለእጅ የቀረው ማጋጠም፣ ቀለም ማመሳሰልና በመጨረሻው ሰዓት ዕቃ ሲገባ የተጫረውን መጠገን ነው። አንዳንዴም ሥራው ሳያልቅ ውሃው ወደ ገንዳው ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ወልዋዮች ከመርከቡ ጋር ተሳፍረው መንገደኞች በተኙበት ሰዓት ይቀጥላሉ። ሸላክ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ፈጽሞ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል። በመሆኑም ወልዋዩ ከመርከቡ ከመውረዱ በፊት ለአስተናጋጆቹ ትእዛዝ ይተዋል፦ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት በየብርጭቆው ሥር ማስቀመጫ ይኑር፤ የፈሰሰውም ወዲያው ይጠረግ።